ሃያ አራት ሰዓት የታሸገ በር

ግሌንዳ ሄፕዎርዝ ሰው አትወድም ይሏታል። ሐሜት ነው፤ ግን እንዲያው ከመሬት ተነስቶ የተወራ ሐሜት አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእንስሳት በደል መከላከያ ማኅበር ተቆጣጣሪ ሆኖ የሠራ፣ በረሃብ ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ ፈረስና ሰንሰለት አንገቱን የበላው ውሻ ሲያነሳ የኖረ፣ እስቲ ሰውን እንዴት አድርጎ ይውደድ? ባሏ እንኳ «ምነው አራት እግር በኖረኝ፣ ያኔ ትሰሚኝ ነበር» እያለ ይቀልድባታል።

የዚያን ማክሰኞ የመጣው ጥቆማ ስም የለውም። ድምፁ የሴት ነው። «ክሮፍት ጎዳና፣ ቁጥር አሥራ አራት። ሽማግሌው ውሻዋን ዘግቶባት ከሄደ አራተኛ ቀኑ ነው። ሌት ተቀን ታለቅሳለች። የማትመጡ ከሆነ ቁርጡን ንገሩኝ!» ብላ ስልኩን ጆሮ ላይ ዘጋችው።

ክሮፍት ጎዳና የድሮ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ሰፈር ነው። ቤቶቹ ከዳር እስከ ዳር ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ ናቸው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ጎረቤቱ «ይማርህ» ይለዋል። እዚያ ሰፈር ታዲያ ጎረቤት ሲረብሽ በር አይንኳኳም፣ ግድግዳ ነው የሚደበደበው። ሬዲዮ ሲጮህ ግድግዳ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ግድግዳ። በመጥረጊያ እንጨት ድው፣ ድው፣ ድው! ትርጉሙም አንድ ብቻ ነው፤ ዝም በሉ ማለት ነው። ግሌንዳ ከዚያ ሁለት ጎዳና አለፍ ብሎ ባለ ቤት ተወልዳ ስላደገች ይህን ቋንቋ ከእናቷ ወተት ጋር ጠጥታዋለች። የጉዱ ሥርም ይኸው ነው።

መኪናዋን አቁማ ገና ከመውረዷ የቁጥር አሥራ ስድስት በር ተከፈተ። ወይዘሮ ኢርማ ክሌግ ፀጉራቸውን በቢጎዲን ጠቅልለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ቆሙ።

«የደወልኩት እኔ አይደለሁም» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«እኔ መች ደወሉ አልኩዎ?»

«ብቻ ይታወቅልኝ ብዬ ነው። ዊልፍ አርሚቴጅን ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣ አንጠልጥሎ ወደ አውቶቡስ ሲሄድ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ስካርብሮ ከተማ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት አለችው ይባላል። በሰባ ስምንት ዓመቱ! የሚስቱ አፈር እንኳ ገና አልደረቀም።»

«ሲመለስስ አላዩትም?»

«እኔ የሰው ዘበኛ ነኝ እንዴ?»

ግሌንዳ በሴትዮዋ መስኮት ላይ የተገለጠውን መጋረጃ አየት አደረገች።

«ውሻዋማ እንዲህ ያለች ቀጫጫ ናት፣ ፔግ ትባላለች» አሉ ወይዘሮ ክሌግ ትንሿን ጣታቸውን እያሳዩ። «ሌሊት ስትጮህ ግድግዳውን ስደበድብ እጄ ዛለ። ወንበር ላይ ቆሜ ሁሉ ደብድቤያለሁ። ብቻ እንጃ፣ የዛሬው ለቅሶዋ ደስ አላለኝም። በይ እንግዲህ ሥራሽን ሥሪ፣ እኔም ጉዳይ አለኝ።» በሩን ድርግም አድርገው ገቡ።

ግሌንዳ ቁጥር አሥራ አራትን አንኳኳች። መልስ የለም። ተንበርክካ በሩ ላይ ያለውን የደብዳቤ ማስገቢያ ቀዳዳ በጣቷ ገፋ አድርጋ አየች። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ፊቷን መታት። ከበሩ ሥር ያለው ምንጣፍ ላይ ምንም አልነበረም። አንዲት ደብዳቤ፣ አንዲት የማስታወቂያ ወረቀት እንኳ የለችም።

ይህን ልብ በሉልኝ። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ምንጣፍ ያነባል። አራት ቀን ባዶ የዋለ ቤት ምንጣፍ ላይ ወረቀት ይከመራል። ምንጣፉ ንጹሕ ከሆነ ሰው እየገባ ያነሳዋል ማለት ነው። ግሌንዳም እንደዚያው አሰበች። ሰውዬው ወይ ዘመዱ ብቅ እያለ ደብዳቤውን ይለቅማል፣ ውሻዋን ግን አያበላም። ይህን ስታስብ ደሟ ፈላ። ረስቶ የሄደ ሰው አንድ ነገር ነው፤ እያየ የሚያስርባት ግን አረመኔ ነው!

ደሟ ቢፈላም ሰብራ መግባት አትችልም። ተቆጣጣሪ የማንንም ቤት የመስበር መብት የለውም፤ ፖሊስ ያስፈልጋል፣ ፖሊስ ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል። ማስረጃውም እንዲህ ነው የሚገኘው፤ በሮቹ ሁሉ ላይ ስስ የወረቀት ማሸጊያ ይለጠፋል፣ ሰዓቱ ይጻፍበታል፣ ባለቤቱ እንዲደውል ካርድ በቀዳዳው ይገባል። ሃያ አራት ሰዓት አልፎ ማሸጊያው ካልተቀደደ ማንም አልገባም፣ እንስሳው ተጥሏል ይባላል። ያኔ ፖሊስ መጥቶ ይሰብራል።

ግሌንዳ ይህን ደንብ አንድ ጊዜ ጥሳዋለች። ከሦስት ዓመት በፊት የአንድ ጥቁር ውሻ ሲቃ አላስችል ብሏት፣ አራት ሰዓት ሲቀረው በመስኮት ገባች። ዳኛው ፊት የባለቤቱ ጠበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የጠየቃት፤ «ሰዓቱ ሞልቶ ነበር?» አልሞላም። ክሱ ተሰረዘ፣ ውሻው ለጌታው ተመለሰለት። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሬሳውን ከቦይ ያወጣችው ራሷ ነበረች። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ከዚያ ወዲህ ግሌንዳ ከሰዓቱ አንዲት ደቂቃ አጉድላ አታውቅም።

በጓሮ በኩል ዞራ የኋላውን በር አሸገችና ተመልሳ ወደ ፊት ለፊቱ መጣች። ማሸጊያውን ከበሩ ወደ መቃኑ ለጥፋ «ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት» ብላ ጻፈች። ካርዱን በቀዳዳው ስትከት ጨለማው ውስጥ ሁለት ዓይኖች አበሩ።

«ፔግ? ነይ እስቲ የኔ እናት።»

ውሻዋ እየተንቀጠቀጠች ቀረበች። የጎኗ አጥንት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ግሌንዳ ከኪሷ ብስኩት አውጥታ ወረወረችላት። ፔግ አሸተተችው፣ ምራቋ ተንጠባጠበ፣ በጥርሷ ነከሰችውና ሳትበላው ዞራ ወደ ጨለማው ገባች። ተመልሳ መጥታ ካርዱን አነሳች፣ እሱንም ይዛ ሄደች። ከዚያ ከቤቱ ሆድ ውስጥ አንጀት የሚበላ ጩኸት አሰማች።

ወዲያው ሌላ ድምፅ ተከተለ። ድው። ድው። ድው።

ግሌንዳ ነደደች። እዚህ እንስሳ በረሃብ ያልቃል፣ ያቺ ሴትዮ መጥረጊያዋን አንስታ ግድግዳ ትደበድባለች!

«ይብቃ!» ብላ በቀዳዳው ጮኸች። «ኧረ ይብቃ! ትንሽ እፍረት የለም እንዴ? ተዉ መደብደቡን!»

ድብደባው ቀጥ አለ። ግሌንዳ ረካች፤ አፏን እንደገና ወደ ቀዳዳው አስጠግታም «አይዞሽ ፔግ። ነገ በዚህ ሰዓት አወጣሻለሁ። የዘጋብሽን ሰውዬ ደግሞ አልለቀውም፣ በሕይወቱ ሁለተኛ ውሻ አያሳድግም» አለች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም። የብስኩቱ ነገር አልዋጥልሽ አላት። የተራበ ውሻ ምግብ አይደብቅም፤ ይውጣል እንጂ። ታዲያ ፔግ ወዴት ነው ይዛው የሄደችው? ምናልባት ቡችሎች አሏት ብላ ራሷን አሳመነች። እንዲያ ከሆነ ደግሞ የሚያልቁት ብዙ ናቸው።

በማግሥቱ ስምንት ሰዓት እስኪሞላ አልቻለችም፤ ገና በአምስት ሰዓት ክሮፍት ጎዳና ደረሰች። ሌሊቱን በረዶ ጥሎ የበሩ ደፍ ነጭ ሆኗል። ማሸጊያው አልተነካም። በጓሮ ዞረች፤ እሱም አልተነካም። ቀዳዳውን ከፍታ ተጣራች። ፔግ አልመጣችም። ቤቱ ጭጭ ብሏል። የዛሬው ፖስታ፣ አንድ ሰማያዊ ደብዳቤ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሬዲዮ ፖሊስ ጣቢያውን ጠራች። ያነሳው ሳጅን ታታም ነው፣ ቀልድ የሚወድ ሰው።

«ሦስት ሰዓት ይቀርሻል ግሌንዳ። ሻይሽን ጠጪ።»

«ውሻዋ አትጮህም አሁን፣ ሳጅን።»

«ይኸው፣ ትናንት ጮኸች አልሽ፣ ዛሬ ዝም አለች ትያለሽ። ደንቡ ካልተጠበቀ የምትይው ራስሽ ነሽ እኮ። ስምንት ሰዓት ላይ እመጣለሁ።»

ጥርሷን ነክሳ ስትወርድ ወይዘሮ ክሌግ የወተት ጠርሙሳቸውን ከደፉ ሊያነሱ ወጥተዋል። ቁጣዋን የምታራግፍበት ሰው አገኘች።

«እርስዎስ ትንሽ አይጨንቅዎትም? ትናንት ያቺ ምስኪን እያለቀሰች ግድግዳውን ሲደበድቡ አላፈሩም?»

«እኔ?»

«እንዴታ፣ እርስዎ! ስምንት ሰዓት ላይ፣ እዚህ ቆሜ እየሰማሁ!»

«ትናንት ስምንት ሰዓት?» ወይዘሮ ክሌግ ጠርሙሱን እቅፍ አደረጉ። «ስሚ፣ የሰው ስም አታጥፊ። አንቺ በጓሮ ስትዞሪ እኔ ኮቴን ደርቤ ወጣሁ። ማክሰኞ የቢንጎ ቀን ነው። ከሁለቱ የሂልተን እህትማማቾች ጋር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ሂጂና ጠይቂ።»

«ቤትዎ ውስጥ ሌላ ማን አለ?»

«ድመቴ።»

ግሌንዳ ዞራ ቁጥር አሥራ አራትን አየች። ድው፣ ድው፣ ድው። ከዚያኛው ወገን ያለው ቁጥር አሥራ ሁለት ባዶ ቤት ነው፤ መስኮቱ በሳንቃ ተዘግቷል። በበሩ ቀዳዳ የሰማችው ድምፅ ከጎረቤት የመጣ አልነበረም። ንጹሑ ምንጣፍ። በጥርስ ተይዞ የሄደው ካርድ። ያልተበላው ብስኩት።

«ወይዘሮ ክሌግ፣ ፔግ ደብዳቤ ታመላልሳለች?»

«አዎን፣ አሠልጥኗታል። ጠዋት ጠዋት ደብዳቤውን ከበሩ አንስታ አልጋው ድረስ ትወስድለታለች። ለሰፈሩ ሁሉ ሲጎርርበት...» ወይዘሮ ክሌግ ቃሉን ሳይጨርሱት ቀሩ። «ኧረ በጌታ!»

ግሌንዳ ሬዲዮኑን እንዴት እንዳነሳችው አታውቅም።

«ሳጅን፣ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ።»

«አየሽው?»

«አላየሁትም።»

«ታዲያ ሰማሽው?»

«ትናንት ሰምቼዋለሁ።»

«ትናንት ሰምተሽ ዛሬ ነው የምትነግሪን?»

«አምቡላንስ ላክልኝ» አለች ግሌንዳ።

«ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። እኔም እመጣለሁ። እንዳትነኪው፣ ግሌንዳ። ሰው ባይኖርና ውሻዋ ብቻ ብትሆን ያ ጥቁር ውሻ ላይ የደረሰው...»

ዘጋችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ የሚመጣ ሰው ምን ያደርግላታል? ግን በሩን ለመስበርም አልደፈረችም። ተሳስታ ቢሆንስ? ሽማግሌው በእውነት ስካርብሮ ሆኖ፣ ያ ድምፅ የቧንቧ ቢሆንስ? ክሱ ይሰረዛል፣ ፔግ ለሚያስርባት ሰው ትመለሳለች፣ እሷም በሚቀጥለው ወር ከቦይ ሬሳ ታወጣለች። ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የቀራት። ሦስት ሰዓት ደግሞ ለሚሞት ሰው ስንት ነው?

«ምን ትጠብቂያለሽ!» አሉ ወይዘሮ ክሌግ። የከሰል አካፋቸውን ይዘው መጥተዋል። «እንኪ! አንቺ ካልሰበርሽው እኔ እሰብረዋለሁ።»

በጓሮ ሮጡ። ግሌንዳ ራሷ የለጠፈችውን ማሸጊያ በጥፍሯ ገንጥላ ጣለችው፣ የበሩን መስታወት በአካፋው መታችው፣ እጇን አስገብታ ከፈተች። ስባሪው የእጇን አንጓ ቀደዳት፤ አላወቀችውም። ወጥ ቤቱ እንደ ውጭው ይቀዘቅዛል። ጠረጴዛው ላይ ባዶ ሻንጣ ተከፍቶ ተቀምጧል። ስካርብሮ የሚባል ነገር አልነበረም። ኋላ እንደታወቀው ሽማግሌው ቅዳሜ የሟች ሚስቱን ልብሶች ለበጎ አድራጎት ሱቅ ሰጥቶ፣ በሚቀጥለው አውቶቡስ ተመልሶ ነበር። ወይዘሮ ክሌግ ሲሄድ አዩት እንጂ ሲመለስ ገበያ ነበሩ።

«አቶ አርሚቴጅ! ፔግ!»

ከደረጃው ሥር ያለ አንድ ጠባብ በር ገርበብ ብሏል። ወደ ምድር ቤቱ፣ ድሮ ከሰል ወደሚቀመጥበት ጓዳ፣ ያስወርዳል። ግሌንዳ የእጅ ባትሪዋን አበራች። አራተኛው መርገጫ ተሰብሯል። ከታች፣ ድንጋዩ ወለል ላይ፣ ሽማግሌው በጎኑ ተጋድሟል፤ አንድ እግሩ ወዳልሆነ አቅጣጫ ዞሯል። ፔግ ደረቱ ላይ ተዘርግታ ተኝታለች። ብርሃኑን ስታይ ጭራዋን አንዴ ብቻ መሬት ላይ መታች፤ አልተነሳችም። ሙቀቷን እየሰጠችው ነበር።

ዙሪያውን ደብዳቤዎች፣ የማስታወቂያ ወረቀቶችና ቤት ውስጥ የጠመቀው ቢራ ሁለት ባዶ ጠርሙሶች ወድቀዋል። አንደኛው አንገቱ ድረስ ተሰነጣጥቋል። አጠገቡ ያለው ግድግዳ ላይ በጠርሙስ የተመታበት ነጭ ነጭ ምልክት አለ። ግሌንዳ ከምልክቱ ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ። ፔግስ ጮኸችለት። ሰው ግን ሰምቶ የራሱን ትርጉም ሰጠው።

«አቶ አርሚቴጅ» አለች ተንበርክካ። አንገቱን ነካች። ቀዝቃዛ ነው። «አቶ አርሚቴጅ፣ ይስሙኛል? በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ይስሙኝ!»

ዓይኑ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። በግራ እጁ የማኅበሩን ካርድ ጨብጧል። ከላይ ካለችው ትንሽ የመስታወት ቀዳዳ በምትገባው ብርሃን ሳያነበው አልቀረም።

«በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ደውል ይላል» አለ፣ ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣ እያለ። «ስልኩ ፎቅ ነው።»

ግሌንዳ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ አወጣች። ካፖርቷን አውልቃ ደረበችለት።

«ብስኩትሽ ደግሞ ድንጋይ ነው» አለ። «ለሁለት ከፈልነው።» ከዚያ ጨነቀውና አንጓዋን ያዘ። «ፔግን ትወስጂያታለሽ?»

«አልወስዳትም።»

«አልለቀውም፣ ውሻ አያሳድግም አልሽ። ሰምቼሻለሁ።»

«አልወስዳትም፣ አቶ አርሚቴጅ። እናቴ ትሙት አልወስዳትም።»

አምቡላንሱ ሲደርስ ሳጅን ታታምም ደረሰ። መጀመሪያ የተሰበረውን መስታወት፣ ቀጥሎ የወደቀውን ማሸጊያ፣ በመጨረሻ ቃሬዛውን አየ፤ ባርኔጣውን አውልቆ መንገድ ለቀቀ፣ ቀልድም አልመጣለትም። ወይዘሮ ክሌግ ፔግን በሹራባቸው ጠቅልለው አቅፈዋታል። «እኔ ጋ ትሰነብታለች፣ ዊልፍ» ይላሉ እያለቀሱ፣ «ዶሮ ቀቅዬ አበላታለሁ፣ አልጋዬ ላይ ትተኛለች። ሌሊት ሌሊት ግድግዳውን ስደበድብብህ... አይ እኔ፣ አፈር ልብላ!»

«ስትደበድቢ እኔማ ሰምታኝ መመለሷ ነው ብዬ ነበር» አለ ዊልፍ።

ቃሬዛው መኪናው ውስጥ ሊገባ ሲል ሽማግሌው ጣቱን አነሳ፤ ግሌንዳን ነው የፈለገው። ጎንበስ አለችና ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች። ጥቂት ቃላት ሹክ አላት። ሠራተኞቹ በሩን ዘጉ፣ አምቡላንሱ በረዶውን እየሰነጠቀ ሄደ። ግሌንዳ ደም የሚያንጠባጥብ እጇን ይዛ መንገዱ መሃል ቆማ ቀረች። የፊት ለፊቱ በር ማሸጊያ አሁንም እንደ ተለጠፈ ነው፤ «ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት» ይላል፣ በራሷ እጅ ጽሕፈት።

ወይዘሮ ክሌግ ፔግን እንዳቀፉ መጥተው ጎኗ ቆሙ።

«ምን አለሽ?»

ግሌንዳ ዓይኗን ከማሸጊያው ላይ አነሳች።

«‹ትናንት ተዉ ብለሽ ስትቆጪ ጊዜ ወዲያው ተውኩት፤ ሰው የማስቸግር አልመሰለኝም ነበር› አለኝ» አለች። «ይቅርታ ጠየቀኝ።»